የአህያን ቆዳ ንግድ ሕግ ይግታው

በካርቱም ከተማ አህያ የድኻው ጉልበት ነው። በ2015 ዓ.ም. ጦርነት ተነሥቶ የቧንቧ ውሃ በብዙ ሰፈር ሲቋረጥ፥ በርሜሉን በጋሪ እየሳበ ውሃ ለየቤቱ ያደረሰው እርሱ ነው። ነገር ግን ቆዳው ተቀቅሎ «ኤጂያኦ» የተባለው የቻይና መድኃኒት ስለሚሠራበት፥ ነጋዴ አጥብቆ ይፈልገዋል። አህያም ዓመት ያህል አርግዛ የምትወልደው አንድ ውርንጭላ ብቻ ስለ ሆነ፥ የታረደው ቶሎ አይተካም።

እንዲህ ያለውን ንግድ በሕግ መግታት እንደሚቻል ምሳሌ አለ። የአውሮፓ ኅብረት የድመትና የውሻ ጠጕር ንግድን ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ከልክሏል። የቢሾፍቱ የአህያ ቄራም ሕዝቡ ስለ ተቃወመው በ2009 ዓ.ም. ተዘግቷል። የአፍሪካ ኅብረት መሪዎችም በየካቲት 2016 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ፥ አህያ ለቆዳው መታረዱ ለ15 ዓመት እንዲታገድ ተስማምተዋል።

ሆኖም ስምምነቱ በየአገሩ ሕግ ካልጸና በወረቀት ላይ ይቀራል። ሕጉም ሌሊት አህያ የሚነዳውን ሌባ ብቻ ይዞ ገዢውንና ላኪውን ቢተው፥ ነገሩ «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ይሆናል። ስለዚህ ቅጣቱ በገዢው፥ በአራጁና በላኪው ላይ ይክበድ፤ ጭነቱም በየኬላውና በፖርት ሱዳን ወደብ ይፈተሽ። ገበሬውም አህያውን ለቆዳ ነጋዴ ከመሸጡ በፊት፥ ነገ ውሃውንና እህሉን ማን እንደሚጭንለት ያስብ።