ጎረቤት ሰማዩን ሲዘጋ የደማም በረራ ለምን ይዘገያል?

እ.ኤ.አ. ጁን 23 ቀን 2025 ምሽት ኳታር፣ ባህሬንና ኩዌት የአየር ክልላቸውን ለጊዜው ሲዘጉ መዘዙ ከድንበራቸው አልፎ ተሰምቷል። ለደማምና ለኾበር ነዋሪ ምክንያቱን ማወቅ ይበጃል።

የሳዑዲ ዓረቢያ ሰማይ «የጅዳ የበረራ መረጃ ቀጣና» ተብሎ ይጠራል፤ የቁጥጥር ማዕከላቱ በጅዳና በሪያድ ይገኛሉ። ከአዲስ አበባ የተነሣ አውሮፕላን ቀይ ባሕርን ከተሻገረ በኋላ ከአንዱ ተቆጣጣሪ ወደ ሌላው በሬዲዮ እየተላለፈ ወደ ንጉሥ ፋህድ አውሮፕላን ማረፊያ ይወርዳል።

ሰማዩ የሚጠበው እዚህ ነው። በኾበር አጠገብ የዳህራን የአየር ኃይል ሰፈር አለ፤ እስከ እ.ኤ.አ. 1999 የመንገደኛ በረራም በዚያው ነበር። ከድልድዩ ማዶ የባህሬን ቀጣና አለ፤ ከእርሱም እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2022 የዶሃ ቀጣና ተለይቶ ወጥቷል። በአንድ መስመር የሚበሩ አውሮፕላኖች በከፍታ ቢያንስ በ1000 ጫማ ወይም በአግድም ርቀት መለያየት ስላለባቸው፣ ጎረቤት ሲዘጋ መንገድ የቀየሩትን ሁሉ በአንድ ጊዜ ማስተናገድ አይቻልም። ገና ያልተነሣው በምድር እንዲቆይ ይደረጋል።

ስለዚህ «ማረፊያው ክፍት ነው» የሚለው መልስ ብቻውን በቂ አይመስለንም፤ አየር መንገዶች መስመሩንም ሊያስረዱ ይገባል። የመመለሻ ቪዛው ሊያበቃ የተቃረበ ሠራተኛም ጉዞውን ለመጨረሻዋ ቀን ባያቆይ ይሻለዋል።