ፍላሽ በጉልበቱ አይመረጥም

ጥር ገብቶ ሰርግ ሲበዛ፣ በጫግኒም ሆነ በእንጅባራ ካሜራ መያዝ የጀመረ ወጣት የሚሰማው ምክር አንድ ነው፤ «ቁጥሩ ትልቅ የሆነ፣ ብርሃኑን ራሱ የሚለካ ፍላሽ ግዛ» ይሉታል። ምክሩ ከቅንነት ቢመጣም ጀማሪውን ያከስረዋል። ካርቶኑ ላይ የታተመው የጉልበት ቁጥር የሚገኘው ፍላሹ ብርሃኑን አጥብቦ ወደ ሩቅ ሲወረውር ነው። የካኖን 600ኢኤክስ 60 የሚደርሰው በ200 ሚሊ ሜትር ዙም፣ የዮንግኑዎ 560 ደግሞ 58 የሚደርሰው በ105 ሚሊ ሜትር ነው። ሙሽሮችንና ሚዜዎችን በአንድ ላይ ለማንሳት ሌንሱ ሲሰፋ የፍላሹም ብርሃን አብሮ ይሰፋል፤ ያ የተከፈለበት ቁጥር በብዙ ይወርዳል። ጉልበቱ ቢኖር እንኳ ፊት ለፊት የተተኮሰ ብርሃን ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ወደ ሩብ ይቀንሳል። ሁለት ሜትር ላይ ያለችው ሙሽራ በደንብ ስትታይ አራት ሜትር ላይ የተቀመጡት እናቷ ጨለማ ውስጥ ይቀራሉ። ይህን ልዩነት ጉልበት አያስተካክለውም። የሚያስተካክለው ወደ ላይና ወደ ጎን የሚዞር ጭንቅላት ነው፤ ብርሃኑ ከነጭ ኮርኒስ ተመልሶ ሲወርድ ቤቱን ሁሉ ያዳርሳልና።

ራሱ የሚለካው ፍላሽ፣ ቲቲኤል የሚባለው፣ በእኛ ሰርግ ላይ ይበልጥ ያሳስታል። ከእቃው ተመልሶ የመጣውን ብርሃን ለክቶ ሁሉንም ወደ መካከለኛ ግራጫ ማምጣት ይፈልጋል። ቬሎ፣ የሐበሻ ቀሚስና ነጠላ ፍሬሙን ሲሞሉት ብርሃኑ የበዛ ይመስለውና ይቀንሳል፤ ጠይም ፊት ይጠቁራል። በእጅ የሚስተካከለው ርካሹ ፍላሽ ግን ልብሱ ተለዋወጠ ብሎ መጠኑን አይቀይርም።

«ሰርግ ላይ ሰው ይንቀሳቀሳል፣ ማስተካከያ ጊዜ የለም» የሚሉ አሉ። ፊት ለፊት ለሚተኩስ እውነት ነው። ከኮርኒስ ለሚመልስ ግን ሙሽራዋ አንድ እርምጃ ብትጠጋ ብርሃኑ ብዙም አይለወጥም፤ አንዴ የተስተካከለው ለክፍሉ ሁሉ ያገለግላል። ክብደት ያለው ተቃውሞ ሌላ ነው፤ የካኖን 2000ዲ፣ 4000ዲና 250ዲ የፍላሽ መቀመጫ መካከለኛ የብረት ነጥብ ስለሌለው ርካሹ ፍላሽ በላያቸው አይበራም። የእነዚህ ባለቤት ለካኖን የተሠራውን ቲቲኤል ገዝቶ በእጅ ማስተካከያው ይጠቀም። የካሜራውን ዓይነት ሳይጠይቅ «ርካሹን ግዛ» የሚል መካሪ ጀማሪውን ይበድላል።

ጉልበት የሚያስፈልገው በቀትር ፀሐይ ነው። ያኔም ቢሆን ጠንካራ የሚባለው ፍላሽ የሚደርሰው ጥቂት ሜትር ብቻ ነው፤ ጥር 23 በፈረሰኞች በዓል የሚጋልበውን የአገው ፈረሰኛ ከሩቅ ለማብራት የትኛውም የካሜራ ላይ ፍላሽ አይበቃም። ሰርጉ በድንኳን ሆኖ ሸራው ሰማያዊ ወይም ቢጫ ሲሆን ደግሞ ከላይ የሚመለሰው ብርሃን ፊትን ያቀልማል። ስለዚህ ለትልቁ ቁጥር የሚጨመረው ብር ከድንኳኑ ጎን ለሚሰቀል ነጭ አቡጀዲና ለተጨማሪ አራት የሚሞሉ ባትሪዎች ይዋል።