በሰው ድር የተሸመነ ኢንዱስትሪ

አጎዋ በተነሣ ቁጥር አንድ ዓይነት እሮሮ ይሰማል፤ «አሜሪካ በሯን ባትዘጋብን ሐዋሳ የት በደረሰች!» እሮሮው ግማሽ እውነት አለው። ከቀረጥ ነጻ የሆነው ገበያ መዘጋቱ ብዙዎችን ሥራ አሳጥቷል። ቅጣቱም ያረፈው ጦርነቱን በመሩት ላይ ሳይሆን የስፌት መኪና ላይ በተቀመጡ ልጃገረዶች ላይ ነው። ሌላው ግማሽ ግን ሆን ተብሎ ይታለፋል፤ ኢንዱስትሪው ከጅምሩ ሥር አልነበረውም።

የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሐምሌ 2008 ዓ.ም. ሲመረቅ ትልቁ መኩሪያ የካልቪን ክላይንና የቶሚ ሂልፊገር ባለቤት ፒቪኤች ነበር። አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ እንደምታስወጣ ባሳወቀች በሳምንታት ውስጥ፣ ኅዳር 2014 ላይ፣ ኩባንያው ፋብሪካውን ዘግቶ እንደሚወጣ አስታወቀ። እገዳው የጸናው ታኅሣሥ 23 ነው። ያን ያህል የተጨበጨበለት ፋብሪካ እገዳው እስኪጸና እንኳ አልጠበቀም።

ለምን ይጠብቃል? ምን የሚያስረው ነገር ነበር? አጎዋ ድሃ አገሮች ከየትም ባመጡት ጨርቅ ሰፍተው እንዲሸጡ ይፈቅድ ነበር። ስለዚህ አብዛኛው ጨርቅ ከእስያ በጅቡቲ ገብቶ፣ ተሰፍቶ፣ በጅቡቲ ተመልሶ ይወጣ ነበር። አዋሽና መተማ ላይ ጥጥ የምታበቅል አገር ለዓለም ገበያ ያቀረበችው ጥጧን ሳይሆን የልጆቿን ርካሽ ጉልበት ነው።

ምን ያህል ርካሽ? የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ጥናት በ2011 ዓ.ም. ይፋ እንዳደረገው መነሻ ደመወዙ በወር 26 ዶላር ነበር። ያኔ ባንግላዴሽ 95፣ ኬንያ 207 ዶላር ይከፍሉ ነበር። «ከምንም ይሻላል» የሚሉ አይጠፉም። ለቤት ኪራይና ለምግብ የማይበቃ ደመወዝ ግን ሠራተኛ አያቆይም፤ ከገጠር የመጡት ልጆች በገፍ ሥራውን ጥለው ሄዱ። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዝቅተኛ ደመወዝ የሚወስን ቦርድ እንዲቋቋም ቢደነግግም ጉዳዩ ለዓመታት በወረቀት ላይ ቀረ። ባለሥልጣናት ርካሽነት ባለሀብት ያመጣል ብለው ነበር፤ አምጥቷል። ርካሽ ፈልጎ የመጣ ግን ነገር ሲከፋ ጓዙን ለመጠቅለል የመጀመሪያው ነው።

አሁን ደግሞ ተስፋው ወደ አፍሪካ አህጉራዊ ነጻ የንግድ ቀጣና ዞሯል። እዚያም ለዓመታት ካጨቃጨቁት ጉዳዮች አንዱ ጨርቁ የት ተሠራ የሚለው ነው። ግብፅ ጥጧን ራሷ አምርታ፣ ፈትላና ሸምና ሸሚዝ ታደርሳለች። ኢትዮጵያ የሰው ጨርቅ ሰፍታ ከእሷ ጋር ልትወዳደር ነው?

በሰው ወርቅ አይደምቁም። መንግሥት ለሚቀጥለው የፓርክ ምርቃት ሪባን ከመቁረጡ በፊት ሁለት ሥራ አለበት፤ የአገሩን ጥጥ ለአገሩ ፋብሪካ የሚያደርሱ መዳመጫዎችና መፍተያዎች እንዲቆሙ ማድረግ፣ ዝቅተኛውን ደመወዝ መወሰን። ይህ ካልሆነ የአሜሪካ በር ነገ ወለል ብሎ ቢከፈትም የሐዋሳዋ ልጅ የምትመለሰው ጥላው ወደ ሄደችው ደመወዝ ነው።