ስም መቀየር ውክልና አይደለም

በትምህርት ጥናት «ውክልና» የሚባለው ጽንሰ ሐሳብ፣ አንድ መማሪያ መጽሐፍ የማንን ኑሮ፣ በማን ዐይንና በምን ማዕረግ እንደሚያሳይ የሚመረምር ነው፤ የኢትዮጵያን የእንግሊዝኛ መማሪያ መጻሕፍት የሚመዝኑ ብዙ ሰዎች ግን ይህን ሰፊ ጉዳይ ወደ ቆጠራ አውርደው፣ ስንት የኦሮሞ፣ ስንት የአማራ፣ ስንት የሴት ስም ገባ እያሉ መደመርን ልማድ አድርገውታል። ጆን ወጥቶ ቶሎሳ ከገባ ሥራው ያለቀ ይመስላቸዋል፤ ቶሎሳ በገጹ ላይ ምን እንደሚሠራ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

ከ2015ቱ ሥርዓተ ትምህርት በፊት ያገለገለው የ9ኛ ክፍል «ኢንግሊሽ ፎር ኢትዮጵያ» ለኤችአይቪ ኤድስ አንድ፣ ለመገለልና ለአድልዎ ሌላ ምዕራፍ ሰጥቶ ነበር። ርእሶቹ ጠቃሚ መሆናቸው አያከራክርም፤ ይሁን እንጂ እንግሊዝኛ የጤናና የልማት መልእክት ማመላለሻ በሆነበት መጽሐፍ ውስጥ የአገሬው ሰው በአብዛኛው ተመካሪ ሆኖ ይቀራል፣ አዋቂና አስረጂ የሚሆንበት ቦታም ይጠብበታል።

ለምሳሌ በምዕራብ ሸዋ የጊንጪ ገበሬ ክረምት ውሃ የሚቋጥረውን ጥቁር መረሬ በቦይ እያጠፈፈ ያርሳል፣ ሽምብራውንም ዝናቡ ሲያበቃ በቀሪው እርጥበት ይዘራል፤ ይህን እያየና እየሠራ ያደገ ልጅ፣ የአንድን ሥራ ቅደም ተከተል በእንግሊዝኛ ማስረዳትን በሚያስተምር ምዕራፍ ላይ፣ ምናልባትም ከመምህሩ ይበልጥ፣ የሚናገረው አለው። በኦሮሚያ እስከ 8ኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ ተምሮ በ9ኛ ክፍል ማስተማሪያው እንግሊዝኛ ስለሚሆንበት፣ ይህ ዕውቀት በእንግሊዝኛው መጽሐፍ ስፍራ ካጣ ተማሪው ምንም እንደማያውቅ ሰው ሆኖ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል።

እንግሊዝኛ የዚያን አካባቢ ነገር አይሸከምም የሚል ቢኖር፣ መልሱ ከዚያው ከምዕራብ ሸዋ ተሰጥቷል። በአምቦ አቅራቢያ በቦዳ የተወለደው ጸጋዬ ገብረ መድኅን፣ የሙታን ትእዛዝንና የበኩር ልጅ መሥዋዕትን የሚያነሣውን «ኦዳ ኦክ ኦራክል» ተውኔት በቀጥታ በእንግሊዝኛ ጽፎ በ1965 (እ.ኤ.አ.) በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ አሳትሟል። በተውኔቱ ውስጥ የሰዎቹ ጭንቀትና ክርክር ከራሳቸው እምነት የፈለቀ ነው፤ ባህሉም ሳይሞካሽ ለሙግት ቀርቧል። ስም ቆጣሪዎቹም ሆኑ ባህልን በውዳሴ ብቻ ማስገባት የሚሹት የሚስቱት ይህንኑ ነው።

የሚቀጥለውን እትም የሚያዘጋጁ ባለሙያዎች የስም ዝርዝር ከማውጣታቸው በፊት፣ ከእያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ አጠገብ ምን እንደሚያውቅና ለማን እንደሚያስረዳ ይጻፉ።