ስለ አውቶቡሳችን

ለተከበራችሁ የሠፈራችን ነዋሪዎች፦

ከሽሮ ሜዳ ለገሐር በሚመላለሰው አውቶቡስ ውስጥ ወንበሩ በምላጭ ተቀዶ፣ ስፖንጁ ተዘርግፎ ስናይ አፍረናል። የቀደደው ከሌላ አገር አልመጣም፤ የእኛው ልጅ ነው። መስታወቱ የተሰበረ መኪና ጋራዥ ይገባል። በማግስቱ ፌርማታ ላይ ተገትረን «መኪና አነሰን» ብለን የምንጮኸው እኛው ነን። ኧረ ማን አሳነሰው?

ይህን ስንል መኪና የሚመድብልንን ክፍል ነፃ ማውጣታችን አይደለም። ባለ ሁለት ፎቁ ከተማችን ሲገባ እኛም እንደ ልጅ አጨብጭበናል። ለሩቅ መንገደኛ ጥሩ ነው እንበል። በየፌርማታው ለሚወርድ ሰው፣ ዘንቢል ለያዘች እናት፣ ጉልበቱ ለከዳው ሽማግሌ ግን ደረጃው ፈተና ነው፤ አንዱ ከላይ እስኪወርድ ሌላው በር ላይ ይጋፋል። ለጠዋቱ ግፊያ የሚሆነው 18 ሜትሩ ተቀጣጣይ ነው፤ በሩ ብዙ፣ መቆሚያው ሰፊ። አቀበቱ ይከብደዋል ከተባለም ተራውን 12 ሜትር ምልልሱን ያብዙልን።

ይህንኑ በደብዳቤ ልንጠይቅ ነውና እሑድ ከቀኑ 8 ሰዓት መጥታችሁ ፈርሙ። ከቤት ስትወጡ ግን የልጆቻችሁን ኪስ ፈትሻችሁ ኑ።

የማኅበሩ ጸሐፊ