ጅዳ ላይ ደመወዝ፣ ሐይቅ ላይ ቁልፍ

ሐይቅ ከተማ የማውቃት አንዲት እናት ገበያ ስትወጣ በሩን ከውጭ ትቆልፋለች። ውስጥ የሃያ ሁለት ዓመት ልጇ አለ፤ የአእምሮ እድገት ውስንነት አለበት። ጎረቤት ጨካኝ ይላታል። እኔ ግን ሌላ ምን ታድርግ እላለሁ።

ድሮ በሩ አይቆለፍም ነበር፣ ታናሽ እህቱ ስለነበረች። ሸሚዙን መቆለፍ ያስተማረችው እሷ ናት፤ አንዱን ቁልፍ ለሳምንታት፣ ከዚያ ሁለተኛውን። ገበያ ይዛው ትወጣለች፣ የአስር ብርና የሃምሳ ብር ኖት ታስለየዋለች፣ ሲደነግጥ ምን እንደሚያረጋጋው ታውቃለች። ለዚህ ስትል ትምህርቷን ከስምንተኛ ክፍል አቋረጠች። ማንም ሥራ ነው አላላትም።

አሁን ጅዳ ናት። የምትሠራው ምን መሰላችሁ? የሰው አገር የአካል ጉዳተኛ ልጅ ትንከባከባለች፣ በወር ደመወዝ!

አዋጅ ቁጥር 923/2008 ወደ ውጭ ለሥራ የሚሄድ ሰው የሙያ ብቃት ምስክር ወረቀት እንዲይዝ አዘዘ። ጥሩ ነው። ግን ለሌላው አገር ሙያ የሆነው፣ ሐይቅ ላይ ሲሆን ለምን የእህት ዕዳ ይሆናል? የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 መንግሥት አቅም በፈቀደ መጠን የአካልና የአእምሮ ጉዳተኞችን እንዲደግፍ ያዛል። በ2002 ያጸደቅነው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም በማኅበረሰቡ ውስጥ ለመኖር የሚያስችል የግል ረዳትን ይጠቅሳል።

"ዘመድ እያለ ተቀጣሪ ምን ያደርጋል?" የሚል አይጠፋም። ቅሬያችን ለሞተ ሰው ድንኳን ይተክላል፣ እግዜር ይስጠው። በሕይወት ላለው ግን ማክሰኞ ከሰዓት ሁለት ሰዓት የሚቀመጥለት የለም። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ለልጃቸው የሚሆን ትምህርት ቤት ቢያጡ አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ። አምባሰል ላይ ያለች እናት ግን ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ልጇን ይዛ በየቀኑ አትመላለስም።

የበጀት ነገር ከተነሳ፣ ከ1995 ጀምሮ የአካባቢውን ሴቶች አሠልጥነን፣ ደመወዝ ቆርጠን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አድርገናል። በየቀበሌው አንዲት ሠልጣኝ እንዲህ ያሉ ቤቶችን ተራ በተራ ብታዳርስስ? ተሁለደሬና አምባሰል በሁለት ቀበሌ ይሞክሩት።

"በጦርነት ጊዜ ይህ ቅንጦት ነው" ለሚለኝ፣ በ2014 ሰው ወደ ደሴ ሲሸሽ ያቺ እናት ልጇን ጎትታ ነው የወጣችው። የሚያግዛት አልነበረም።