«ላፕቶፔ አላውቅሽም አለኝ፤ ወንድሜን ምን ብዬ ልንገረው?»

የዛሬዋ ጠያቂያችን የ25 ዓመት ወጣት ናት። አዲስ አበባ ውስጥ ሁለተኛ ዲግሪዋን እየተማረች ነው። ደብዳቤዋ ረዘም ስላለ ፍሬ ነገሩን ብቻ አቅርበነዋል።

«ውድ አዘጋጅ፣ እንደምን ሰነበትክ? እኔ አለሁ ለማለት ያህል አለሁ። አሜሪካ፣ ሜሪላንድ የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ የዛሬ ዓመት ላፕቶፕ ላከልኝ። ዊንዶውስ ሳይሆን ፌዶራ የሚባል ሊኑክስ ነው የጫነበት። ሌባ ቢወስደው እንኳ ውስጡን እንዳያይ ብሎ የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል የደህንነት ቁልፍ አብሮ ላከ። ማሽኑን ሳበራ ቁልፏን እሰካለሁ፣ ፒን ቁጥሬን እጽፋለሁ፣ ብልጭ ብልጭ ስትል በጣቴ ነካ አደርጋታለሁ፤ ይከፈታል። እሁድ ማታ ‹አፕዴት ላድርግ?› አለኝ፣ እሺ አልኩት። ሰኞ ጠዋት ሳበራው ቁልፏን ጭራሽ ረስቷታል። ወዲያው ፓስዎርድ ይጠይቀኛል። ሁልጊዜ የምገባበትን ብጽፍ እምቢ፣ ፒኑን ብጽፍ እምቢ።

ጥገና ቤት ወሰድኩት። ልጁ ፒኔን ጠየቀኝ፣ ነገርኩት። ‹ሴኪዩር ቡት› የሚባለውን አጠፋው፤ ያው ነው። በመጨረሻ ‹ፎርማት ይደረግና ነገ ውሰጂው› ሲለኝ ማሽኔን አቅፌ ወጣሁ። የመመረቂያ ጽሑፌ እሱ ውስጥ ነው። የ14 እናቶች ቃለ መጠይቅ በድምፅ አለበት፤ ሁለቱ አሁን የት እንዳሉ እንኳ አላውቅም። ሌላ ቅጂ የለኝም። አማካሪዬ ረቂቁን በ12 ቀን ውስጥ ይፈልጋል። ወንድሜን እንዳልጠይቀው ደግሞ ከዚህ በፊት የላከልኝን ስልክ ታክሲ ውስጥ ተሰርቄ ‹ይሄንንም ካጠፋሽ ሁለተኛ ዕቃ አልልክም› ብሎኛል። አራት ቀን ሙሉ እንቅልፍ የለኝም። ምን ላድርግ?»

እህታችን፣ ከሁሉ በፊት እንኳን አቅፈሽው ወጣሽ! በዚህች ከተማ የኮምፒዩተር በሽታ ሁሉ አንድ መድኃኒት ነው ያለው፤ ፎርማት። ቢዘገይም ፎርማት፣ ድምፅ ቢያጣም ፎርማት። ለሌላው ማሽን ይሁን፤ ያንቺ ዲስክ ግን የተቆለፈ ነው። «ሉክስ» በሚባለው በዚህ አቆላለፍ የዲስኩ ዋና ቁልፍ እዚያው ዲስኩ መግቢያ ላይ፣ ሳጥን ውስጥ እንደተቆለፈ ቁልፍ ተቀምጧል። አዲሱ ሉክስ ለዚያች ሳጥን እስከ 32 የሚደርሱ መክፈቻዎች ይቀበላል። አንዱ ያንቺ ቁልፍ ናት፣ ሌላው ወንድምሽ ሲጭነው የሰጠው ፓስዎርድ ነው። ፎርማት ሲደረግ ሳጥኗ ራሷ ትጠፋለች። ከዚያ በኋላ ቁልፏ ብትኖርም፣ ፓስዎርዱ ቢታወቅም፣ የ14ቱን እናቶች ድምፅ የሚመልስልሽ ሰው የለም።

አሁን ወደ ምርመራው እንግባ። ማሽንሽ ሦስት በር አለው፤ አንቺም የጥገና ቤቱ ልጅም ያደባለቃችሁት እዚህ ላይ ነው። ሴኪዩር ቡት የውጭ በር ዘበኛ ነው። የሚነሳው ፕሮግራም የታወቀ ፊርማ እንዳለው ያያል እንጂ ዲስክ አይቆልፍም፣ አይከፍትም። እሱን ማጥፋት ዘበኛውን ማባረር ብቻ ነው የሆነው፤ መልሰሽ አብሪው። ሁለተኛው በር የዲስኩ ቁልፍ ነው፤ የቆምሽው እዚህ ነው። ሦስተኛው ስምሽን አይተሽ የምትገቢበት የየዕለቱ ፓስዎርድ ነው። ሦስተኛው በር ጋ የሚሠራው ቃል ሁለተኛው ላይ እምቢ ቢልሽ አይግረምሽ፤ ቃሉ ሌላ ነው።

ከደብዳቤሽ ውስጥ ትልቁን ፍንጭ ሳታውቂው ጽፈሽልናል። «ወዲያው ፓስዎርድ ይጠይቀኛል» ብለሻል። ማሽኑ ቁልፏን እየፈለገ ቢያጣት ኖሮ ግማሽ ደቂቃ ያህል ይጠብቃት ነበር፤ ካልተቀየረ በስተቀር የተሰጠው ጊዜ 30 ሰከንድ ነው። ፓስዎርድ የሚጠይቀው ከዚያ በኋላ ነው። ጠብቆ የሚጠይቅ ማሽን ከሆነ ጥፋቱን መሰኪያው ላይ እንፈልጋለን፦ ማከፋፈያ ላይ ሰክተሽ ከሆነ ነቅለሽ ቀጥታ ላፕቶፑ ላይ፣ ካልሆነ በሌላኛው ጎን። ያንቺው ግን ጭራሽ አልፈለጋትም። ስለዚህ ቁልፏ ተበላሽታለች ብለሽ አትፍሪ።

ታዲያ ለምን አልፈለጋትም? ሊኑክስ ሲነሳ ዲስኩ ገና ስላልተከፈተ መጀመሪያ የሚሠራው በአንዲት ትንሽ የመነሻ ጥቅል ነው። ያቺን ቁልፍ የሚያናግረው ክፍል፣ «ፊዶ 2» የሚባለው፣ በዚያች ጥቅል ውስጥ መኖር አለበት። አፕዴቱ አዲስ ከርነል ሲያመጣ አዲስ ጥቅልም አብሮ ይሠራል። ወንድምሽ መጀመሪያ ሲያዘጋጀው ክፍሉን ለአንድ ጊዜ ብቻ ጨምሮ በቋሚው ማዘዣ ላይ ሳይጽፈው ቀርቶ ከሆነ፣ አዲሱ ጥቅል ያለ እሱ ተሠርቷል ማለት ነው። የእኛ ግምት ይሄ ነው። ግምት ደግሞ ይሞከራል።

ፌዶራ ካልተነካ በስተቀር እስከ ሦስት ከርነል ድረስ ያስቀምጣል፤ የድሮው አልተጣለም። ቁልፏን ሰክተሽ ማሽኑን አብሪና ወዲያው «ኤፍ 8»ን ነካ ነካ አድርጊ። ዝርዝር ይመጣል። የመጀመሪያው መስመር የእሁዱ ነው፤ ወደ ታች ወርደሽ ሁለተኛውን ምረጪ። «ሬስኪዩ» የሚለውን የመጨረሻውን ተይው። ቁልፏ ብልጭ ካለች፣ እህቴ፣ ያን ጊዜ ተቀምጠሽ አልቅሺ፤ ይፈቀድልሻል።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቂ። ዲስኩ የሚጠይቅሽን ፓስዎርድ መቶ ጊዜ ብትሳሳቺ ሉክስ ቆጥሮ አይቀጣሽም፤ አጥፍተሽ እንደገና ታበሪያለሽ። የቁልፏ ፒን ግን ይቆጠራል። በተከታታይ 3 ጊዜ ከተሳሳትሽ ነቅለሽ መልሰሽ እስክትሰኪያት ትኮርፋለች። ከ8 ስህተት በኋላ ትዘጋለች፤ ያለ ሪሴት አትነሳም፤ ሪሴት ስትደረግ ደግሞ ለዲስክሽ የምትሰጠው ምስጢር አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ «እስቲ እኔ ልሞክርልሽ» የሚል ሁሉ እንዳይነካት።

የድሮው ከርነልም እምቢ ካለ? ያኔ አራት ቀን የሸሸሽውን ስልክ ትደውያለሽ። እንዲያውም ቢከፈትም ደውይ። ዲስኩን የቆለፈው ሰው የመጀመሪያውን ፓስዎርድ ያውቃል ወይም የሆነ ቦታ ጽፎታል። ምናልባትም የማገገሚያ ቁልፍ አውጥቶለት ይሆናል። በሊኑክስ ይህ ሥራ ከ2021 ጀምሮ እዚያው ስርዓቱ ውስጥ በተሠራ መሣሪያ ይከናወናል። የሚያወጣው የማገገሚያ ቁልፍ 64 የላቲን ፊደል ነው፣ ስምንት ስምንት ሆኖ በሰረዝ የተከፈለ። ፊደሎቹ በአብዛኛው የላቲን ኪቦርድ ላይ ቦታቸውን የማይለዋውጡት ተመርጠው ነው፤ የእሱና ያንቺ ኪቦርድ አቀማመጥ ቢለያይም አትሳሳቺም። በቴሌግራም ጽፎ አይላክልሽ። ደውሎ በቃሉ ያንብብልሽ፣ አንቺ በእርሳስ ጻፊ።

ስልክ ጠፋ ብሎ የተቆጣው ወንድምሽ ይቆጣ ይሆናል። ግን እስቲ ለእሱም አንድ ነገር እንበለው። ጋሼ፣ አንድ ቁልፍ ብቻ ልከህ፣ መጠባበቂያ ሳትሰጣት፣ ፓስዎርዱን ሳትነግራት ይህን ሁሉ ብረት መዝጋትህ ለሌባው ነው ወይስ ለእህትህ? ይህች ቁልፍ እንደ ቤት ቁልፍ መርካቶ ወስደው አያስቀርጿትም። ሁለተኛ ቁልፍ ተገዝታ፣ እሷም ለብቻዋ ዲስኩ ላይ መመዝገብ ነበረባት። ስልኩን ያሰረቀችው እሷ ብትሆንም ይሄኛው ጥፋት ግማሹ ያንተ ነው።

ዊንዶውስ ያላችሁ አንባቢዎቻችን፣ እናንተም ብዙ አትሳቁ። እንዲህ ዓይነቷ ቁልፍ የዊንዶውሱን ቢትሎከር ገና ሲነሳ አትከፍትም። እዚያ የሚሠራው ማሽኑ ውስጥ ያለው ቲፒኤም፣ ፒን፣ ወይም ለመነሻ የተዘጋጀ ፍላሽ ነው። እነሱ ሲያምጹ 48 አኃዝ ያለው የማገገሚያ ቁጥር ይጠየቃል። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2024 ክራውድስትራይክ የላከው የተበላሸ አፕዴት ማይክሮሶፍት 8.5 ሚሊዮን ብሎ የገመታቸውን ኮምፒዩተሮች ሲያስተኛ፣ ብዙ መሥሪያ ቤት ያንን 48 አኃዝ ፍለጋ ነው የተራወጠው። የግላችሁ ማሽን ከሆነ ማይክሮሶፍት አካውንታችሁ ውስጥ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ማሽኑ ደህና ሳለ ዛሬ ማታ ግቡና እዩት።

ወደ አንቺ ልመለስ። እንደተከፈተልሽ ጽሑፉን ለማረም አትቀመጪ። መጀመሪያ የድምፅ ቅጂዎቹን ሌላ ዲስክ ላይ ገልብጪ፤ የእናቶቹ ምስጢር ነውና ያንንም ዲስክ ቆልፊው። ረቂቁን እስክታስረክቢ ድረስ «አፕዴት ላድርግ?» ሲልሽ አይሆንም በይው። ወንድምሽ በስልክ እየመራሽ ፊዶ 2ን ቋሚው ማዘዣ ላይ ታስገቢያለሽ፣ ጥቅሉንም እንደገና ትሠሪዋለሽ፤ አሥር ደቂቃ ቢፈጅ ነው። የማገገሚያ ቁልፍ ከሌለው ያን ጊዜውኑ ታወጣላችሁ። ወረቀቱን እናትሽ የቤት ካርታውን የሚያኖሩበት ቦታ አስቀምጪው እንጂ ላፕቶፑ ቦርሳ ውስጥ እንዳትከቺው።

ደግሞ ፒንሽን ለጥገና ቤቱ ልጅ ነግረሽዋል። የድሮውን እስካወቅሽ ድረስ መቀየር ይቻላል፤ ፒን መቀየር የዲስኩን መክፈቻ አይነካውም። ስትቀይሪ ግን «ሪሴት» የሚል ነገር ከፊትሽ ቢመጣ እጅሽን ሰብስቢ።